ልቤ ሮኬት ጋ፣ ገንዘቡ ተርባይን ጋ

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ዕድሜዬ 27 ነው። በሜካኒካል ምህንድስና ከተመረቅኩ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ ወዲህ የምሠራው በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ግን ኤሮስፔስ፣ ማለትም የአውሮፕላንና የሮኬት ምህንድስና ነው። ሮኬት ሲተኮስ የሚያሳይ ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር እስካሁን እንባዬ ይመጣል። ሞኝነት ይመስልብኝ ይሆን?

ዘንድሮ አሜሪካ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች አመለከትኩና ከሁለቱ በጎ መልስ መጣልኝ። አንደኛው ስሙ የገነነ ነው። የሁለት ዓመት የኤሮስፔስ ማስተርስ ነው፤ የትምህርቱንም የኑሮውንም ወጪ የምችለው ራሴ ነኝ። ሁለተኛውን ደግሞ ስሙን ስጠራ ሰው ሁሉ "የት ነው እሱ?" ይለኛል። እዚያ በሜካኒካል ምህንድስና ለፒኤችዲ ተቀብለውኛል። የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናሉ፣ አበልም ይሰጡኛል። ፕሮፌሰሩ የሚሠሩት በተርባይን ብሌዶች (ጋዝ ወይም እንፋሎት እየገፋ በሚያዞራቸው ምላጮች) ንዝረት ላይ ነው። አንድ ጊዜ በቪዲዮ አውርተናል፤ ደግ ሰው ይመስላሉ።

ታላቅ ወንድሜ "ለገንዘብ ብለሽ ሕልምሽን አትተዪ" ብሎ ለቤት መሥሪያ ያጠራቀመውን ልክፈልልሽ አለኝ። ሁለት ልጆች አሉት። ሚስቱ ምንም አላለችም፤ የከበደኝም ዝምታዋ ነው። የእሱ ገንዘብ ቢጨመርም የሚበቃኝ ለአንደኛው ዓመት ብቻ ነው። ለሁለተኛው መበደር አለብኝ።

ፒኤችዲውን ከተቀበልኩ ደግሞ ራሴን የከዳሁ ይመስለኛል። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ንዝረት! ሮኬቱ የት ገባ? ሒሳቡም ያስፈራኛል። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ከነካሁ ዘመን የለውም።

ሥራዬን እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ ፋን እየተንቀጠቀጠ አስቸገረን። ሁሉም "ኩሽኔታው ነው" አለ። ኩሽኔታው ሁለቴ ተቀየረ፤ መንቀጥቀጡ አልቆመም። እኔ ከሌላ ክፍል የንዝረት መለኪያ ተውሼ ሦስት ሌሊት አጠገቡ አደርኩ። ትልቁ ንዝረት የሚታየው በሻፍቱ (በሚዞረው ዘንግ) የዙር ፍጥነት እጥፍ ላይ ነበር። ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን በሻፍቱ ርዝመት አቅጣጫም ይገፋል። ለካ ሞተሩና ፋኑ ቀጥ ብለው አልተገጠሙም! አስተካክለን ስናስነሳው ጸጥ አለ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እየዘፈንኩ ነው። ግን ይሄ ፋን ነው፤ ሮኬት አይደለም።

መልስ የምሰጠው እስከ ኤፕሪል 15 ነው። ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ምን ይሉኛል?

ሁለት ልብ የሆንኩት

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ከሥራ ደክሞ እየመጡ ሌሊት ማመልከቻ መጻፍ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ሁለት በር አስከፍተሽ ነው የጻፍሽልኝ፤ ጭንቀቱ ይህንን ያስረሳሽ መሰለኝ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሮኬት የጻፍሽው እፍኝ አይሞላም። ፋኑ ጋ ስትደርሺ ግን እጅሽ አልቆም ብሏል። ስንት ሌሊት እንዳደርሽ፣ መለኪያውን ከየት እንዳመጣሽ፣ ንዝረቱ ወዴት እንደሚገፋ፣ አንድም አልቀረሽም። ከዚያ እንደ መደንገጥ ብለሽ "ግን ይሄ ፋን ነው" ብለሽ ዘጋሽው። እስቲ መልሰን እንክፈተው።

"ሮኬቱ የት ገባ?" ብለሻል። ጠፈርተኞችን ያመላልስ የነበረው የአሜሪካው መንኮራኩር፣ የስፔስ ሸትል ዋና ሞተር ሲሠራ መሐንዲሶቹን ካስጨነቋቸው ነገሮች አንዱ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ንዝረት። ሞተሩ ፈሳሽ ሃይድሮጅን የሚገፋለት በተርባይን የሚዞር ፓምፕ አለው። በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ አቅሙ ወደ 70,000 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል። በአንድ ጫፉ ከዜሮ በታች ወደ 253 ዲግሪ የቀዘቀዘ ነዳጅ አለ፤ በሌላው ጫፉ የጋለ ጋዝ ያልፍበታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በሙከራ ላይ ሻፍቱ ከገዛ ራሱ የዙር ፍጥነት ባነሰ ድግግሞሽ ይወዛወዝ ጀመር። ኩሽኔታ ይበላል። ሞተሩን ወደሚፈለገው ኃይል ከፍ ማድረግ አልተቻለም። ሥራው ሁሉ ለወራት እዚያ ላይ ተይዞ ነበር። ያ ከተፈታ በኋላ ደግሞ የተርባይኑ ብሌዶች እየተሰነጠቁ አስቸገሩ። ሸትሉ የበረረው በ1981 ነው።

አንቺ ፋኑ አጠገብ ቁጭ ብለሽ "ይህ ንዝረት ከዙሩ ፍጥነት በስንት እጥፍ ነው?" ብለሽ ጠየቅሽ። እነዚያም የጠየቁት ያንኑ ነው። ያንቺ እጥፉ ላይ ነበር፣ የእነሱ ግማሹ አካባቢ። የምታነቡት የንዝረት ግራፍ አንድ ዓይነት ነው።

(ነገር ካነሳን አይቀር፣ ወደ ጨረቃ የተላከው አፖሎ 13 ሲባል ሁሉም የሚያስታውሰው የፈነዳውን የኦክስጅን ታንክ ነው። ከዚያ በፊት፣ ገና ወደ ላይ እየወጡ ሳለ፣ የሮኬቱ ሁለተኛ ክፍል የመሃል ሞተር በንዝረት ምክንያት ከጊዜው ሁለት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ጠፍቶባቸዋል። ይቺን ታሪክ በጣም ስለምወዳት ነው፤ ይቅርታ።)

የፕሮፌሰሩንም ርዕስ ቀረብ ብለሽ እዪው። በአንድ የአውሮፕላን ሞተር ዲስክ ላይ የተሰደሩት ብሌዶች በንድፉ ላይ ሁሉም አንድ ናቸው። ተሠርተው ሲወጡ ግን ጥቃቅን ልዩነት አላቸው፤ አገልግሎት ላይ ሲቆዩ ደግሞ ልዩነቱ ይጨምራል። ያቺ ጥቃቅን ልዩነት ንዝረቱ ለሁሉም እኩል እንዳይዳረስ ታደርገዋለች። ጥቂቶቹ ላይ ይከመራል። እነሱም ከሌሎቹ ቀድመው ይደክማሉ፣ ይሰነጠቃሉ። በአውሮፕላን ሞተርም፣ በኃይል ማመንጫ ተርባይንም፣ በሮኬት ፓምፕም ያው ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው "ሜካኒካል" ይበል "ኤሮስፔስ" ይበል፣ ብሌዱ አያውቅም። ብዙ ቦታ ሁለቱ በአንድ ትምህርት ክፍል ሥር የሚሆኑትም ያለ ምክንያት አይደለም።

የኤሮስፔስ ሊቁን ቴዎዶር ፎን ካርማንን ታውቂው ይሆናል፤ አየር እንደ ሲሊንደር ያለ ነገርን ሲያልፍ ከኋላው የሚፈጠረው የአየር አዙሪት ሰንሰለት በስሙ ይጠራል። ቡዳፔስት ላይ የተማረው ሜካኒካል ምህንድስና ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን፣ ጎቲንገን ላይ ዶክትሬቱን የሠራው ደግሞ ምሰሶ ሲጫን እንዴት እንደሚጎብጥ ነው። ምሰሶ! ኋላ የጠፈር መንኮራኩሮችን የሚሠራውን የአሜሪካውን የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። የዲግሪው ርዕስ የሰውየውን መንገድ አልዘጋውም።

ወደ የትኛው እንደማደላ ሳታውቂው አትቀሪም፤ አልደብቅሽም። ግን ዝም ብለሽ ፒኤችዲውን ያዢ አልልሽም። መጀመሪያ የሚጣሩ ነገሮች አሉ።

አንዱ ከማስተርሱ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ አይታር የሚባል ደንብ አለ፤ የጦር መሣሪያ ቴክኖሎጂ ወደ ውጭ ሰው እንዳይተላለፍ የሚቆጣጠር ነው። ሮኬት በዚህ ሥር ይወድቃል። ዜግነት፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የተሰጠ ጥገኝነት የሌለው ሰው ያለ መንግሥት ፈቃድ እንዲህ ያለውን የቴክኒክ መረጃ እንዲያይ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ብዙ የሮኬት ድርጅቶች የሥራ ማስታወቂያቸው ላይ ይህንኑ በግልጽ ይጽፋሉ። የኤሮስፔስ ማስተርስ ይዘሽ፣ ዕዳ ተሸክመሽ፣ በተማሪ ቪዛ ብትወጪ ልብሽ ያለበት በር ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊዘጋብሽ ይችላል ማለት ነው። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፤ የወንድምሽ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር ስለሆነ ነው። የንዝረት ሙያ ይዘሽ ብትወጪ ግን ተርባይን፣ መኪና፣ ፓምፕና ኮምፕረሰር የሚሠራ ሁሉ ይፈልግሻል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሕትመት ክፍት የሆነ መሠረታዊ ምርምር ከዚህ ቁጥጥር ውጪ ነው። ስለዚህ ፕሮፌሰሩን "ፕሮጀክቱ ላይ የሕትመት ወይም የዜግነት ገደብ አለ?" ብለሽ ጠይቂ። አያፍሩብሽም፤ የለመዱት ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ይወድሻል፣ በዚህ ላይ ጥያቄ የለኝም። የሚስቱን ዝምታ ግን ሰምተሻል፤ ባትሰሚው ኖሮ አትጽፊልኝም ነበር። እስቲ ልጠይቅሽ። ገንዘቡን ወስደሽ ሄደሽ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ቢከብድሽ፣ ደውለሽ "ከብዶኛል" ልትዪው ትችያለሽ? ወይስ "ሁሉ ሰላም ነው" ትይዋለሽ? ሁለተኛው ከሆነ ገንዘቡ ብቻውን አይመጣም፤ ይሉኝታ አብሮ ይመጣል። በማይታወቅ አገር፣ ማንም በሌለበት፣ ይሉኝታ ተሸክሞ መማር ከባድ ነው። ደግሞ የሚበቃው ለአንድ ዓመት ነው ብለሻል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ብድሩ ቢታጣ ቤቱም የለ፣ ዲግሪውም የለ። "እዚያ ስደርስ የረዳትነት ሥራ አገኛለሁ" የሚለውን ሐሳብ በጽሑፍ ካልያዝሽው በቀር አትቁጠሪበት። የሚያገኙ አሉ፤ ብዙ ቦታ ግን ቅድሚያው ለፒኤችዲ ተማሪ ነው።

ይህ ማለት ግን ወንድምሽ ከነጭራሹ እጁን ይሰብስብ ማለት አይደለም። ሰው ፍቅሩን የሚያሳይበት ስታሳጪው ይከፋዋል። ፒኤችዲውን ብትመርጪ እንኳን የመጀመሪያው አበል እጅሽ የሚገባው ሥራ ከጀመርሽ ሳምንታት በኋላ ነው። ቲኬቱ፣ የቤት ማስያዣው፣ የመጀመሪያው ወር ኑሮ ከኪስሽ ይወጣል። እዚህ ላይ ይርዳሽ። ቤቱን ሳይነካ የሚችለው ነው፤ አንቺም ከአበልሽ ቀስ ብለሽ ትመልሺለታለሽ። ሚስቱንም አብረሽ አናግሪያት። ዝም ያለችው ማንም ስላልጠየቃት ሊሆን ይችላል።

ፒኤችዲ ነጻ ስጦታ ነው ብዬ ግን አላታልልሽም። አምስት ዓመት ረጅም ነው፤ አንዳንዱን ስድስትም ይፈጅበታል። ከሁሉ በላይ ዕጣሽ ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው። እኔ ራሴ ለፒኤችዲ የገባሁበት ላብ (ላቦራቶሪ) ስሙ የታወቀ ነበር። አማካሪዬ ግን የጻፍኩትን ረቂቅ አንብበው ለመመለስ አራት ወር ይፈጅባቸው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ላብ ቀየርኩ። ከቀደሙት ተማሪዎች አንዱን ደውዬ ብጠይቅ በአምስት ደቂቃ የሚነግረኝን ነገር ራሴ ገብቼ ደረስኩበት። "ደግ ሰው ይመስላሉ" ያልሽው መልካም ነው፤ ግን አንድ የቪዲዮ ጥሪ አይበቃም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለፕሮፌሰሩ ጻፊና ከላቡ ተማሪዎች ሁለቱን ለብቻቸው ለማነጋገር ጠይቂ። እሳቸው በሌሉበት። በቅርቡ የጨረሰም ካለ የተሻለ ነው፤ የሚፈራው ነገር የለም። አማካሪያቸውን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያገኟቸው ጠይቂያቸው። የጨረሱት በስንት ዓመት እንደጨረሱና አሁን የት እንደሚሠሩ ጠይቂ። ሳይጨርስ የሄደ ካለ ለምን እንደሄደም ጠይቂ፤ እዚህች ላይ መልሱ ረዘም ካለ ወይም ድንገት ካጠረ ልብ በይ። ፕሮፌሰሩን ራሳቸውን ደግሞ ሥራው ሙከራ ይሁን ስሌት አጥሪያቸው። ፋን አጠገብ ለማደር የተፈጠረችን ሴት አምስት ዓመት ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ሊያሰለቻት ይችላል።

የገንዘቡን ደብዳቤ ደግሞ ቃል በቃል አንብቢው። አበሉ ለዘጠኝ ወር ነው ወይስ ለ12? ክረምት ላይ ማን ይከፍልሻል? የጤና ኢንሹራንስና የአገልግሎት ክፍያዎች ተሸፍነዋል? ድጋፉ የተረጋገጠው ለስንት ዓመት ነው? የፕሮፌሰሩ የምርምር ገንዘብ መሃል ላይ ቢያልቅ በማስተማር ረዳትነት ይይዙሻል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ኤፕሪል 15 ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት ቀን ነው። ስምምነቱን የፈረሙት ገንዘብ ስላለበት ዕድል ከዚያ ቀን በፊት ቁርጥሽን አሳውቂ ብለው አያስገድዱም። ገንዘብ የሌለው ማስተርስ ግን የራሱ ቀን ሊኖረው ይችላል፤ ደብዳቤውን እንደገና እዪው። ለኤሮስፔሱ ክፍልም አጭር ኢሜይል ጻፊ። የረዳትነት ዕድል ካለ፣ መግቢያውን በአንድ ዓመት ማዘግየት ይቻል እንደሆነ፣ ማስተርሱ በምርምር ጽሑፍ የሚጠናቀቅ ይሁን በኮርስ ብቻ ጠይቂ። በሙሉ ድጋፍ ከመለሱልሽ የነገርኩሽ ሁሉ ይገለበጣል፤ ያኔ እንደገና እንነጋገራለን።

የፒኤችዲው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የኤሮስፔስ ኮርሶችን መውሰድ ይፈቅድልሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ ፕሮፐልሽን፣ ኤሮኢላስቲሲቲ፣ የጠፈር መንኮራኩር ዳይናሚክስ የሚባሉትን። ሌላም በር አለ። ብዙ ቦታ ፒኤችዲ የጀመረ ሰው አስፈላጊውን ካሟላ መንገድ ላይ ማስተርሱን ያገኛል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት "ይህ የእኔ አይደለም" ካልሽ ባዶ እጅሽን አትወጪም። ይህን በልብሽ ይዘሽ ሰውየውን እያታለልሽ ግቢ ማለቴ ግን አይደለም። ለመጨረስ ብለሽ ግቢ፤ በሩ እንዳለ ብቻ እወቂ።

"የት ነው እሱ?" ስለሚሉሽ ሰዎች ብዙ አልልም። በዚህ ሙያ ያሉት የሚጠይቁት "ከማን ጋር ሠራሽ?" ብለው ነው።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። አብዛኛው ቦታ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ኳሊፋይንግ የሚሉት ፈተና አለ፤ ቀላል አይደለም። ግን አሁን ፈተና ሳትቀመጪ ራስሽን የምትሞክሪበት መንገድ አለ። ቅዳሜ ላፕቶፕሽን ክፈቺና ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ 20 ክብደቶችን በክብ ደርድሪ፤ እነዚህ ብሌዶችሽ ናቸው። እያንዳንዱ በራሱ ስፕሪንግ ከመሠረቱ ጋር ይታሰር። ከግራና ቀኝ ጎረቤቱ ጋር ደግሞ በላላ ስፕሪንግ ይያያዝ፤ ከዋናው 100 ጊዜ ያህል የላላ። የእንቅስቃሴ ቀመሩን በወረቀት ጻፊው። የተማርሽው የክብደትና የስፕሪንግ ቀመር ነው፤ 20 ጊዜ ተደጋገመ እንጂ ሌላ አይደለም። ከዚያ የንዝረት ቅርጾቹን ኮምፒውተሩ ያውጣልሽ። በሁሉም ብሌዶች ላይ የተዘረጋ ለስላሳ ማዕበል ታያለሽ። ቀጥሎ የዋናዎቹን ስፕሪንጎች ጥንካሬ እዚህም እዚያም በ1 እና በ2 በመቶ ብቻ አዛቢው። እንደገና አስኪጂው።

መሃል ላይ ተጣብቀሽ "ምን ነካኝ" እያልሽ በጊዜ ከተኛሽ እሱም መልስ ነው፤ ለእኔም ለራስሽም አትደብቂው። ሌሊቱ ተጋምሶ አሁንም ቁጥር እየቀያየርሽ ከተገኘሽ ግን ፋኑ አጠገብ ያደረችው ልጅ ናት እዚያ ያለችው። ንዝረቱ የትኛው ብሌድ ላይ እንደተከመረ ጻፊልኝ።